የጠፈር መንኮራኩር መሪ፣ ብዛት አንድ

«ለምን ‹መጫወቻ› ብለሽ አልጻፍሽም?»

በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ፤ አንዱ በድሬዳዋ አማርኛ፣ አንዱ በፈረንሳይኛ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፊቴን ስታጠብ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሩዝ ስለቅም፣ እኔው ራሴን እየጠየቅኩ አለሁ። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ቃሏ በአማርኛ አራት ፊደል፣ በፈረንሳይኛ አምስት ፊደል ናት፤ ቆጥሬአታለሁ። ያችን አንዲት ቃል ጽፌ ቢሆን ኖሮ ኮንቴነር አይታሰርም፣ የድሬዳዋ ሰው ለአረፋ አዲስ ሽርጥ ሊያጣ ነው ተብሎ አይወራም፣ ሐጂ አብዶሽም በስተርጅና «ሐጂ ሮኬት» የሚል ስም አይወጣላቸውም ነበር።

ሥራዬን ሳልነግራችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። ጅቡቲ ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ትራንዚት ቢሮ፣ ዲክላራሲዮን እጽፋለሁ። ወደብ የገባ ዕቃ ሁሉ ለጉምሩክ በስሙ መጠራት አለበት፤ ስሙን የምጽፍለት እኔ ነኝ። ቀላል ይመስላል። ነጋዴው ይመጣና «ጫማ» ይለኛል።

«ምን ዓይነት ጫማ?»

«የእግር።»

«ተረከዝ ይሸፍናል? ሶሉ ጎማ ነው ፕላስቲክ? የወንድ ነው የሴት?»

እዚህ ላይ ነጋዴው ላቡን መጥረግ ይጀምራል። አንድ ጊዜ የፕላስቲክ አበባ ያስመጣ ሰው «የምን አበባ ነው?» ብለው፣ «እህቴ፣ አያብብ፣ አይሸት፣ ምን አደረገሽ!» ብሎ ወረቀቱን ጥሎልኝ ሄደ። ጽጌረዳ ነበር። ኮንቴነር የሚራገፍበት ወደብ፣ ዶራሌ ድረስ ሄጄ፣ በከባድ መኪኖቹ መካከል እየተሽሎከለኩ፣ ካርቶኑን አስከፍቼ አየሁት። ግማሹ ግን የሱፍ አበባ ሆኖ ተገኘ፤ እሱን ለብቻው ጻፍኩት።

ይህ አመል የመጣብኝ ዘግይቼ ስለተማርኩ ይመስለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው ቃላትን በልጅነቱ እየሮጠ፣ እየጣለ፣ እያነሳ ያገኛቸዋል። እኔ ግን እያንዳንዷን ከሥራ በኋላ፣ እግሬ እያበጠ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የለቀምኳት። እንዲህ የተገኘ ነገር እንደ ዋዛ አይበተንም። ሰው «ያ ነገር» ሲል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል።

ከዚያ በፊት እንደ ብዙ አገሬ ልጆች በሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ባልየው የውጭ አገር ፓይለት ነበር። ሰማይ ላይ ውሎ ሲመጣ አልበቃው ብሎ ኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጥና ደግሞ ጠፈር ላይ ይበራል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ዕቃ ነበር፤ አንገቱን ቀና ያደረገ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የተቦረቦረለት፣ አናቱ ላይ ትናንሽ ቁልፎች የደረደረ። ጆይስቲክ እንደሚባል ያወቅኩት በኋላ ነው። ሚስትየዋ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይህን አትንኪ፤ ዙሪያውን ጥረጊ» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ጠረግኩ። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ጠረጴዛ ጠርዝ የጸዳ ነገር አልነበረም። ትንሽ እንኳ አልነካሽውም ወይ ለምትሉኝ፣ አልነካሁም። አንድ ቀን ብቻ ዝንብ አርፎበት እፍ ብያለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የቢሮ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። የገዛሁት ፈረንሳይኛዬን ላሻሽልበት ነው፤ ለአለቃዬም ለራሴም የነገርኩት ይህንኑ ነው። የቀድሞው ባለቤት ግን ውስጡ አንድ የጠፈር ጨዋታ ትቶበት ነበር። ለማጥፋት ከፈትኩት። አላጠፋሁትም።

በጨዋታው ውስጥ አንዲት አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ይሰጡሻል። ከአንዱ ጣቢያ ዕቃ ጭነሽ፣ ኮከቦቹን አቋርጠሽ፣ ሌላው ጣቢያ ታደርሻለሽ። አዎ፣ ቀን ትራንዚት፣ እረፍት ላይም ትራንዚት። ሰው ከሥራው ሲያርፍ ሌላ ነገር ይሠራል፤ እኔ ያንኑ ሥራዬን ወደ ሰማይ ወሰድኩት።

የምጫወትበት ሰዓትም አመቺ ነው። ጅቡቲ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፣ ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ቃሚው በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ የማይቅመው ይተኛል። እኔ አልቅምም። ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ዳቦ ትጋግራለች። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ፣ ክሊማው፣ ማቀዝቀዣው ሥር፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ እስከ አሥር ሰዓት እበራለሁ።

እበራለሁ ማለት ማጋነን ነው። በኪቦርድ መንኮራኩር መንዳት ማለት ግመልን በቴሌቪዥን ሪሞት መንዳት ማለት ነው። ባዶው ቦታ ላይ ምንም አይልም። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ግን ጉድ ይፈላል፤ አፍንጫዬን ቀና ሳደርግ ጅራቴ ይዞራል፣ ጅራቴን ስመልስ በጀርባዬ እተኛለሁ። የጫንኩትን ስንቱን ዱቄት በጠፈር በትኜዋለሁ! የጣቢያው ተቆጣጣሪ ድምፅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይለኛል፤ በመዝገበ ቃላት አይቼዋለሁ፣ ስድብ አይደለም፣ ግን አነጋገሩ ደስ አይልም።

እንግዲህ ጆይስቲክ መግዛት አለብኝ አልኩ። አንድ ደብተር ለዚሁ መደብኩ።

ጠፈር እንደ አውሮፕላን አይደለም። እዚያ ላይና ታች የሚባል የለም። መንኮራኩር ቆሞ በጎኑ ሊንሸራተት ይችላል፣ ፊቱን አዙሮ ኋላውን እያየ ወደፊት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጆይስቲኩ ወደ አራቱም አቅጣጫ መጋደሙ አይበቃም፤ አንገቱ እንደ ቧንቧ መዝጊያ መዞር አለበት። ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ መንሸራተቻ ያስፈልገዋል። አውራ ጣት የምትጫወትበት ትንሽ ቁልፍ አናቱ ላይ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ አይጠፋም። ችግሩ እኔ ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ በግራዬ ስበላ ተመትቼ ወደ ቀኝ ዞሬአለሁ። ለመጻፍ ግን የሚመታኝ ሰው ሳይኖር አድጌ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ እርሳሱን በግራዬ ያዝኩት፤ አስተማሪውም የትልቅ ሰው እጅ ለመምታት አፍሮ ተወኝ። ጆይስቲኮች ደግሞ ሁሉም ለቀኝ እጅ የተቀረጹ ናቸው፤ በግራ ሲያዙ አውራ ጣት መድረሻ አጥታ አየር ላይ ትንጠለጠላለች።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ዕቃ የሚጽፉ ወንዶች ብዙ ናቸው። እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም። አንዱ «ሞላው ይጠነክራል» ይላል፤ ሌላው ስለዚያው ዕቃ «ሞላው ልል ነው» ይላል። አንዳቸውም ምን ዓይነት እጅ እንዳላቸው አይናገሩም። ይህ ደግሞ መነገር ያለበት ነገር ነው። ለአንደኛው በትሕትና ጻፍኩለት፦ «ጌታዬ፣ ‹ለትልቅ እጅ ይመቻል› ብለዋል። የእጅዎ ርዝመት ከአንጓዎ እስከ መሐል ጣትዎ ጫፍ ስንት ሴንቲሜትር ነው?» አልመለሰልኝም። ደግሜ ስጽፍለት መልእክቴን መቀበል አቆመ።

መሐል ከተማ አንድ የስልክና የኮምፒዩተር ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሳልጨርስ በሁለት እጅ የሚያዘውን የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ ማኔት አወጣልኝ። እሱ አይደለም፣ ቆሞ የሚያዘው ነው አልኩት።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«ከፍ ያለ ነው።»

«አሥራ ሁለት?»

«ከዚያ ከፍ ይላል።»

«አሥራ ስድስት?»

«እየተጠጋህ ነው።»

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ አቧራ የጠጣ ጆይስቲክ አወጣ፤ ለቀኝ እጅ ነው። ግራኝ መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው አባቱ ይዞት ይምጣና እጁን እንየው» አለ። አራት ባትሪ ገዝቼ ወጣሁ። ባትሪ አያስፈልገኝም ነበር።

ዕቃውን ሳልጨብጥ በምን ልለካው? እቤት ገብቼ ዙሪያዬን አየሁ። የሐሊማ ዘነዘና ተውሼው ጥግ ቆሟል። ሐሊማ ጎረቤቴ ናት፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ ሩኅሩኅ፣ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት። ዘነዘናውን የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ በአሸዋ ተከልኩት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ በግራ እጄ ጨበጥኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዞር፣ ቀስ ብሎ ቀና። በአፌ ትንሽ የሞተር ድምፅም ሳላሰማ አልቀረሁም።

«ምን ሆነሽ ነው አቦ?»

ዓይኔን ስገልጥ ሐሊማ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች።

«እጄን… እያፍታታሁት ነው።»

«የቱን?»

«ግራውን።»

«ግራ እጅ!» ብላ ደረቷን መታች። «ልብ ነው ወላሂ! የጎረቤቴ አጎት እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው!»

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥልጣን አበቃ። የሰሊጥ ዘይት መጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ተጨመረበት፣ እኔ በሆዴ ተጋደምኩ። ሐሊማ ክንዴን ከትከሻ እስከ ጣት አሸችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጧት ጧት እየመጣች አሸችኝ። ቢሮ ስገባ ሰዉ መስኮት ይከፍታል። ክንዴ ግን እውነት ለመናገር እንደዚያ ላልቶ አያውቅም።

ለምን አልነገርኳትም? ሐሊማ ክፉ ሆና አይደለም። በግቢያችን ውስጥ እኔ ደብዳቤ የማነብ፣ ቅጽ የምሞላ፣ ሁለት ሰው ሲጣላ «እሷ ትናገር» የምባል ሴት ነኝ። ያቺን ቦታ ማንም አልሰጠኝም፤ በአንድ ቃል በአንድ ቃል ነው የሠራኋት። «እሷ እኮ በሯን ዘግታ ትጫወታለች» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከግቢው ወደ ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ ወደቡ ብትሄድ፣ ነገ ነጋዴው «ሶሉ ጎማ ነው ፕላስቲክ?» ስለው ይስቅብኛል። የምፈራው ይህንን ነበር።

ከአራት ወር ጥናት በኋላ በቀኝም በግራም እጅ የሚያዝ፣ አንገቱ የሚዞር፣ መንሸራተቻ ያለው አንድ ጆይስቲክ ለየሁ። የሚገኘው ዱባይ ነው። ዱባይ ደግሞ የሐጂ አብዶሽ ወንድም አለ።

ሐጂ አብዶሽ የሐረር ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው ድሬዳዋ፣ ንግዳቸው ጅቡቲ። ወንድማቸው ከዱባይ ዕቃ ይጭናል፣ እሳቸው እዚህ ተቀብለው ወደ ድሬዳዋ ያሻግራሉ። ወረቀታቸውን ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የጻፍኩትን አንብበው አያውቁም። «እሷ ከጻፈችው ተጽፏል» ብለው ይፈርማሉ። ከሰው ሁሉ ይህ ቃል ይበልጥብኛል።

«ሐጂ፣ ከዕቃዎ ጋር አንዲት ካርቶን ሊያስመጡልኝ ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ይሰበራል?»

«ይሰበራል።»

«እንግዲያው ወንድሜ ሽርጡ መሐል ይጠቀልልልሻል» አሉ። ምንድን ነው አላሉም። ለወንድማቸው አንድ ገጽ ሙሉ መመሪያ ላክሁ፤ የቀለሙን ስም ሳይቀር።

ኮንቴነሩ ለአረፋ አሥር ቀን ሲቀረው ዶራሌ ገባ። ሽርጥ፣ የልጆች ጫማ፣ የበዓል ልብስ፣ ሁሉም ወደ ድሬዳዋ የሚያልፍ። የእኔ ካርቶን ብቻ ጅቡቲ ስለሚቀር በራሱ መስመር መጻፍ ነበረበት። ሽርጡን፣ ጫማውን፣ ልብሱን በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ። ለመጨረሻዋ መስመር አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

«የኮምፒዩተር ዕቃ» ልል ነበር፤ ይህ ግን «የእግር ጫማ» እንደማለት ነው። «መጫወቻ» ልል እጄን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። እጄ አልሄድም አለ። አራት ዓመት ዙሪያውን የጠረግኩትን ዕቃ መጫወቻ ማለት አልሆንልኝ ብሎ ይሆን? አፍሬ ይሆን? ሁለቱም መልስ ይመስላሉ፤ ስጠጋቸው ግን አይሞሉም። ብቻ ራሴን ሳገኘው እንዲህ ጽፌአለሁ፦

«የጠፈር መንኮራኩር የበረራ መሪ፤ በግራ እጅም የሚያዝ፤ ብዛት አንድ።»

አንዲት የተሳሳተች ቃል የለባትም። ሐጂ መጡ፣ «ተጽፏል?» አሉ፣ ፈረሙ።

በማግስቱ ኮንቴነሩ ታገደ። የጉምሩክ ፈታሹ አስጠራኝ። ሙሲዬ ጉሌድ ይባላል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እርሳሱ የተቀረጸ፣ የሚያነበውን ቃል በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው እወደዋለሁ።

«ማዳም» አለኝ፣ «መንኮራኩሩ የት ነው?»

«የምን መንኮራኩር?»

«ይህ መሪ የሚገጠምበት።»

«መንኮራኩር የለም።»

«ገና አልደረሰም ማለት ነው።»

«አይደርስም።»

«በሌላ ወደብ ነው የሚገባው?»

«በየትም አይገባም።»

ትንሽ አሰበና ጻፈ። ወረቀት ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ተገልብጦም አነበብኩት፦ «መንኮራኩሩ እስካሁን አልገባም።»

የበረራ ዕቃ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ደንብ ነው፤ ልከራከረው አልቻልኩም። የበረራ ዕቃ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ስለ አውሮፕላን የሚያውቅ ባለሙያ ተጠራ። ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ካርቶኑ ተከፈተ። ሽማግሌው ዕቃዬን አነሱት፣ ገለበጡት፣ አንገቱን አዞሩት። እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሜ፣ ያልነካሁትን ዕቃ ሌላ ሰው ሲነካው ሁለተኛ ጊዜ እያየሁ ነው።

«ይህ የአውሮፕላን አይደለም» አሉ።

ተነፈስኩ።

«ከአውሮፕላን ይበልጣል» ብለው ጨመሩ። «እኛ ጊዜ ይሄን ያህል ቁልፍ አልነበረም።» ከዚያ ወረቀቱን አነበቡና ዙሪያውን አዩ። «በግራው የሚያበር ማነው?»

እስክሪብቶዬን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩ።

ወሬው ከዶራሌ እስከ ዋራበሌ ሰፈር ለመድረስ አንድ በርጫ በቅቶታል። የሐጂ ባልንጀሮች «ጨረቃ ላይ ሱቅ ሊከፍቱ ነው አሉ!» ብለው ተቀበሏቸው። ሌላው «ሐጂ፣ እዚያ ሽርጥ የሚለብስ አለ?» ይላል። «ሐጂ ሮኬት» የሚለው ስም የዚያን ቀን ወጣ። ሐጂም አብረው ይስቃሉ። ግን ለአረፋ አምስት ቀን ቀረ፣ ከዚያ አራት ቀረ። ከድሬዳዋ ስልክ በላይ በላይ ይደወላል፤ መኪኖቹ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ስልክ ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሰማለሁ። ሐጂ በሁሉም ላይ የሚሉት አንድ ነው፤ «ልጅቷ ታውቃለች። እሷ ከጻፈችው ምክንያት አለው።»

አራት ቀን በቀረበት ጧት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ቢሮ መጡ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

«ነገሩን ዛሬ እጨርሰዋለሁ» አሉ። «አሁን እሄድና ዕቃው የኔ ነው፣ ለልጅ ልጄ መጫወቻ ነው፣ ግራኝ ናት እላለሁ። ካላመኑኝ እምላለሁ።»

«የልጅ ልጅዎ ግራኝ ናት?»

«ሰባት ወሯ ነው። በየትኛው እጇ እንደምትይዝ ማን አወቀ?»

«ሐጂ…»

«አንቺ ዝም በይ። ለማን እንዳስመጣሽው አልጠየቅኩሽም፣ አልጠይቅሽምም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም። ሰው ሸሽገሽ ከሆነ የሚሸሸግ ሰው ነው።»

ተነሱ። በሩ ጋ ደረሱ። ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ እኚህ ሰው በኔ የተነሳ በውሸት ሊምሉ ነው፤ ያውም እኔን እውነተኛ ናት ብለው አምነው። እግሬ ከኔ ቀድሞ ተነሳ።

«ሐጂ፣ አይማሉ! የኔ ነው።»

«ያዘዝሽው አንቺ መሆንሽንማ አውቃለሁ።»

«ለኔ ነው ማለቴ ነው።» ከዚያ ቃሏ መጣች፤ አርባ ደቂቃ ወረቀት ላይ እምቢ ያለችው። «ልጫወትበት ነው።»

ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«የምን ጨዋታ?»

«ዕቃ ጭኜ ጠፈር ላይ አመላልሳለሁ።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ በሰባት ሰዓት የሚቆለፈውን በር፣ የተበተነውን ዱቄት፣ የሐሊማን ዘነዘና። ከዚያ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን፣ የፓይለቱን ቤትና ያንን ጠረጴዛ። አራት ዓመት ዙሪያውን እንደጠረግኩ።

«አራት ዓመት ሙሉ አልነካሽውም?»

«አልነካሁም። አንዴ ዝንብ አርፎበት እፍ ብያለሁ።»

«እፍ ብቻ?»

«እፍ ብቻ።»

ሐጂ አቀረቀሩ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲነቀነቅ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ። እስኪያነባቸው ሳቁ። ሳቁ እኔም ላይ ተጋባ። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ታዲያ አቦ፣ ለምን ‹መጫወቻ› ብለሽ አልጻፍሽም?» አሉኝ።

«አላውቅም ሐጂ።»

«ቦን፣ ይሁን። እንሂድ» አሉ።

ሙሲዬ ጉሌድ ፊት በገዛ እጄ፣ በግራዬ፣ ማስተካከያውን ጻፍኩ፦ «መጫወቻ። ብዛት አንድ። ባለቤት፦ የዲክላራሲዮኑ ጸሐፊ። አገልግሎት፦ ለራሷ።» በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ፣ እጄን አየ፣ ያንኑ ጥያቄ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። ያንኑ መልስ መለስኩለት። አልሳቀም። መዝገቡን ገልጦ የዚያን ቀን መስመሩን ፈለገ።

«እንግዲያው መንኮራኩሩ አይመጣም ብዬ ልዝጋው?»

«ይዝጉት።»

ዘጋውና ማኅተሙን መታ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሐጂ ዕቃ ከዶራሌ ተነስቶ የድሬዳዋን መንገድ ያዘ፣ ከተማው መዝጊያውን አወረደ። እኔም በሩን ቆልፌ ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ገና ሳልከፍተው በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፤ ጫታቸውን በብብታቸው፣ ቴርሞሳቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በርጫቸውን ሲተዉ አይቼ አላውቅም።

«እዚያ ሄጄ ሮኬት ከምባል» አሉ፣ «ስም ካወጡልኝ አይቀር ሮኬቱን ልየው።»

ምንጣፍ አነጠፍኩላቸው። ዕቃውን አወጣሁ፣ ገመዱን ሰካሁ። ከዚያ ነካሁት። አውራ ጣቴ ቦታዋን አገኘች። አንገቱን ዞር ሳደርገው መንኮራኩሬ እንደ ጨዋ ሰው ዞረች። ኮከቦቹን አቋርጬ፣ ጣቢያው በር ደርሼ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልገጭ ገባሁ።

«ምን ጭነሻል?» አሉ ሐጂ እየቃሙ።

«ዱቄት።»

«ዲክላራሲዮኑስ?»

«እዚህ ማንም አይጠይቅም።»

«አይ አገር!» ብለው ተመኙ። ቀጥለውም፣ «እስቲ ድሬዳዋን አሳዪኝ» አሉ።

«ከዚህ አትታይም።»

«ቀረብ በያ።»

«ሐጂ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ምድርም የለችም።»

«ድሬዳዋ ለማይደርስ ነገር ነው ይሄን ሁሉ ያመጣሽብኝ?» አሉና ጫታቸውን አስቀምጠው ተጠጉ። «አምጪው እስቲ።»

በቀኛቸው ጨበጡት። አዲስ ዱቄት ጭነን ከጣቢያው ወጣን። ሦስት ደቂቃ ያህል ደህና ሄዱ፤ ከዚያ መመለሻው ላይ፣ የጣቢያውን ግድግዳ በሙሉ ፍጥነት ሄደው ተላተሙት። ማያ ገጹ ቀላ። ያ የተቆጣጣሪ ድምፅ ያንን ነገሩን ተናገረ።

«ገጨሁ?»

«ገጩ።»

«ዱቄቱስ?»

«ተበተነ።»

ወደተቆለፈው በር ዘወር ብለው አዩ። ጎንበስ ብለው ጫታቸውን አነሱ፣ ቴርሞሳቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ይሄን እንኳ አትጻፊው።»